ስለ ጤና ዕቅድና ስለ ቤት ንጽሕና የተደረገ ንግግር



 ከጤና ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ተቀብዬ በጤና መኰንንነት መሥራት ከጀመርሁ ገና ሦስት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ብዙ ያዩ ታላላቆች በተቀመጡበት ጉባኤ ስለ አገር የጤና ዕቅድ አፌን መክፈቴ ድፍረት እንደሚመስል ዐውቃለሁ። ነገር ግን የምናገረው ስለ ጀሪካንና ስለ ጉድጓድ ነውና ይህን ያህል አልፈራም።

ትንሽ ከሩቁ ልጀምር። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት፥ ጥቂት ቀደም ብሎ የደንቢያን ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ጐድቶት ነበር። አገሪቱም ሐኪም እስኪበዛላት ልትጠብቅ አልቻለችም። ስለዚህ የታሰበው ዘዴ ሦስት ዓይነት ባለሞያዎችን፥ ይኸውም ጤና መኰንንን፥ የኅብረተ ሰብ ነርስንና ሳኒቴሪያንን በአንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነበር። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱ መርፌ የሚወጋ አልነበረም። ሥራው ምንጭ ማጐልበትና ሰገራ ቤት ማስቈፈር ነበር። ገንዘቡ ያነሰ አገር የታመመውን ሁሉ እያከመ ሊዘልቀው ስለማይችል፥ ሰው ሳይታመም ቤቱ ድረስ ሄዶ መድረስ አለበት ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ዛሬም አላረጀም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህንኑ ሐሳብ እስከ ቀበሌ አወረደው። ለ5,000 ሰው ያህል አንድ ጤና ኬላና ሁለት ደመወዝተኛ ሴት ሠራተኞች ተመደቡ። መጀመሪያ ከተያዙት 16 ፓኬጆች ውስጥ 7ቱ የንጽሕና ናቸው፤ የሰገራ አወጋገድ፥ የደረቅና የፈሳሽ ቈሻሻ፥ የውኃ ደኅንነት፥ የምግብ፥ የቤት፥ የገላ ንጽሕና፥ የነፍሳትና የአይጥ መከላከል። ፍሬውም ታይቷል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቍጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ይህ የንጽሕና ሥራ ብቻ ውጤት ነው አልልም፤ ክትባቱም፥ አጎበሩም፥ ሌላውም አለበት።

ሆኖም በዚያው በ2008 ዓ.ም. ጥናት ሌላ ቍጥር አለ። ከሦስት ቤት አንዱ ምንም ሰገራ ቤት አልነበረውም፤ ለብቻው የሚጠቀምበት የተሻሻለ ሰገራ ቤት የነበረው ደግሞ ከ100 ቤት 6ቱ ብቻ ነው። የቀረው ከሌላ ቤት ጋር የሚጋራው ወይም ጉድጓድ ብቻ ነው። ሪፖርት የምንጽፍ ሰዎች «አለ» ብለን የምናልፈው ይህን ነው። እኔም አልፌዋለሁ።

በመጀመሪያ የሥራ ዓመቴ፥ ግንቦት ላይ፥ በአንድ ቀበሌ ሰገራ ቤት እንድቈጥር ታዘዝሁ። ቅጹ የሚጠይቀው አለ ወይስ የለም ብቻ ነው። ቤት ለቤት ዞርሁ፤ ሁሉም ቈፍሯል። ከመቶ መቶ ብዬ ፈረምሁ፤ ቀበሌው ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነፃ ነው ተብሎ ባንዲራ ተተከለ፤ እልልታም ነበረ። በዓመቱ በዚያው ወር ተቅማጥ ገባ። በአንድ ሌሊት ከዚያ ቀበሌ ሦስት ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ጤና ጣቢያ ደረሱ። ሁለቱ በሕይወት አድን ንጥረ ነገርና በግሉኮስ ዳኑ። ሦስተኛዋ፥ የዓመት ከመንፈቅ ልጅ፥ ሳይነጋ አለፈች።

ሐዘኑ ጋብ ሲል ወደ ቤቱ ሄድሁ። ሰገራ ቤቱ ዳሱ ቆሟል፤ ውስጡ ግን ጭራሮና ኩበት ተከምሮበታል። እናቲቱን ምነው ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ጉድጓዱን እኮ ክረምቱ ደረመሰው፤ አፈሩ ዋልካ ነው። እጅ ታጠቡ ያላችሁትንም ሰምተናል። ምንጩ ደርሶ መልስ ከሁለት ሰዓት ይበልጣል፤ በቀን ሁለት ጀሪካን ነው የምቀዳው። ከየቱ ልቀንስ? ከሊጡ ነው ከልጆቹ ጕሮሮ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በወረዳው ሪፖርት ግን ያ ቀበሌ ዓመቱን ሙሉ ከመቶ መቶ እንደ ሆነ ነበር፤ ቅጹ ሁለተኛ ጊዜ አይጠይቅማ! እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ዕቅድ ሲነበብ እየሰማሁ በእጄ ሒሳብ እሠራለሁ። እስቲ አብረን እንሥራ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ያስቀመጠው ግብ፥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ውኃ ከ1 ኪሎ ሜትር ባልራቀ ቦታ እንዲገኝ ነበር። መልካም ግብ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት 125 ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ይህም ከስድስት ጀሪካን በላይ ነው። ውኃው በግቡ ጫፍ ላይ ቢሆን አንድ ምልልስ 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስድስት ጊዜ ስትመላለስ 12 ኪሎ ሜትር፤ ግማሹን 20 ኪሎ በጀርባ ተሸክማ። እንግዲህ ይህ ዕቅዱ ባይሳካ አይደለም፤ ቢሳካ ነው! የእናቲቱ ጀርባ ግን በየትኛው የበጀት አርእስት ተይዟል? የመኪናው ነዳጅ ተይዟል፤ የስብሰባው አበል ተይዟል። የእሷ ጕልበት ነፃ ተብሎ ስለ ታለፈ፥ በወረቀት ላይ ርካሽ የነበረው የእጅ መታጠብ ሥራ እቤቷ ሲደርስ ከሁሉ የተወደደ ሆነ።

መድኃኒት ብቻውን ይህን እንደማይሸፍነው ትራኮማ አስተምሮናል። የትራኮማ መከላከያ አራት ክፍል አለው፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈበትን ሰው በቀዶ ሕክምና ማዳን፥ መድኃኒት ማደል፥ ፊት መታጠብ፥ አካባቢን ማጽዳት። አዚትሮማይሲን በእርዳታ በነፃ ስለሚመጣ በዐማራ ክልል ለብዙ ዓመታት ታድሏል፤ በብዙ ወረዳዎች ግን በሽታው ከዚህ በኋላም አልጠፋም። ኪኒኑ በመኪና ይመጣል፤ የፊት መታጠቢያው ውኃ ግን በጀርባ ነው የሚመጣው። ስለ ዝንቡም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፈውና ትራኮማን የሚያስተላልፈው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። በሰገራ ቤት ጉድጓድ ውስጥ አይራባም። ስለዚህ የሕፃኑን ዓይነ ምድር «የልጅ ነው፥ ምንም አይል» ብሎ ከአጥር ሥር መተው ያንኑ ዝንብ ማርባት ነው፤ በአካፋ አንሥቶ ጉድጓድ ውስጥ መጨመር ያስፈልጋል።

እናቶችና አባቶች፤ ውኃው እስኪቀርብ ድረስ በትንሹ ውኃ እንዴት እንታጠብ? አሮጌ ጀሪካን ወይም የዘይት ላስቲክ ከመቀመጫው አጠገብ በምስማር ቀዳዳ አድርጋችሁ ከሰገራ ቤቱ ደጃፍ ስቀሉት። ቀዳዳውን በእንጨት ውተፉት፤ ስትታጠቡ ነቅላችሁ መልሱት። በጣሳ ሲያፈሱ የሚባክነው ውኃ በዚህ ዘዴ አይባክንም፤ አንድ ሊትሩ ቤተ ሰቡን በሙሉ አንድ ጊዜ ያስታጥባል። ሳሙና ከሌለ የምድጃ ዐመድ ይሠራል። ከሰገራ ቤት ሲወጡ፥ ልጅ ካጸዱ በኋላ፥ ሊጥ ከመንካትና ሕፃን ከማጕረስ በፊት መታጠብ ነው፤ ሌላውን ጊዜ ውኃ ካነሰ እለፉት። የሕፃኑን ፊት ግን በየጧቱ በእፍኝ ውኃ አጥቡት። የመጠጥ ውኃ አፈ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ይሁን፤ ጣሳ አይነከርበት።

አባቶች ደግሞ አትቈጡኝ፤ ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው የሚል ሕግ የትም አላነበብሁም። አህያ ያለው አህያውን፥ ጕልማሳ ልጅ ያለው ልጁን ቢልክ ቤቱ አይዋረድም።

አሁን ወደ ኮሚቴው ልመለስ። ጤናው ሰገራ ቤት ያቅዳል፤ ውኃው ጉድጓድ ያስቈፍራል፤ ትምህርት ቤቱ ለብቻው ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የዋን ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራም የውኃን፥ የጤናን፥ የትምህርትንና የገንዘብን ሚኒስቴሮች በአንድ ዕቅድ እንዲሠሩ ያቀናጀው ይህን አይቶ ነው። እኛ በወረዳ ደረጃ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እንዴት ያቅተናል? ሆስፒታል ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፤ ለሰገራ ቤት ሪባን ሲቈረጥ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ሆስፒታል አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ያቺን ልጅ ያጣሁት እኮ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በዋልካ አፈር ላይ ላለ ቀበሌ የጉድጓዱ አፍ በድንጋይ እንዲገነባ፥ ለድንጋይ ማመላለሻና ለሠሪ የሚሆን ገንዘብ በዘንድሮው በጀት ይያዝ፤ ደጋው ላይ በጠንካራ አፈር የሚቈፈረውን ጉድጓድ ልክ ለሁሉም አንላክ። ቈጠራውም ከክረምት በኋላ ጥቅምት ላይ ይደገም። በቅጹ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር፤ ከቤቱ እስከ ውኃው ስንት ደቂቃ ነው? የሚቀዳውስ ማን ነው? ደቂቃው የበዛበት ቀበሌ የውኃ ተራው ይቅደም፤ ለዚያ ቀበሌ እጅ ታጠቡ የሚል ፖስተር ከመላካችን በፊት።

እናንተም የቀበሌው ሰዎች፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና እኔ ጥቅምት ላይ ቅጹን ይዘን ስንመጣ፥ ጉድጓዱ ተደርምሶ ከሆነ ተደርምሷል በሉን። ጭራሮውን ለእንግዳ ብላችሁ አታንሡት። ጀሪካኖቹንም አውጥታችሁ አሳዩን፤ እንቈጥራቸዋለን።