የመኪና ሆድና የአፍዴራ ጨው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከባቲ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ፥ ደጋን ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው፥ ከቆላ የሚወጡት የጭነት መኪናዎች የዕለት ትዕይንት ናቸው። መንገዱ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ወደ አሰብ የተሠራ ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ ግን በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲና ወደ አፍዴራ ጨው ይኬድበታል። ቀድሞ ጨውን ወደ ደጋ ያወጣ የነበረው ግመል ነው። ግመል ጨው ተሸክሞ አይዝግም፤ መኪና ግን ይዝጋል።

ዝገት የሚፈጠረው ብረት፥ ውሃና አየር ሲገናኙ ነው። ጨው በውሃው ውስጥ ሲሟሟ ሥራውን እጅግ ያፋጥነዋል። የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፥ ሙቀቱ የሚያቃጥል አገር ነው፤ በዚያ ደረቅ አየር ከመኪናው ሆድ የተጣበቀው ጨው ጕዳቱ አነስተኛ ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መኪናው ወደ ጉሙና ወደ ዝናቡ ሲወጣ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ አንቀላፍቶ የነበረው ጠላትም ያን ጊዜ ይነቃል። እንግዲህ ጨው የሚጫነው በቆላ፥ ብረት የሚበላው በደጋ ነው ማለት እንችላለን።

ብዙዎች መድኃኒቱ ካትራሜ መቀባት ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ጨውና ዝገት ባለበት ብረት ላይ መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ እንደ መጠቅለል ነው። ላዩ ጥቁርና ያማረ ሆኖ ሳለ ውስጡ ይበላል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቅቡን ከሥሩ እየገፋ ያነሣዋል፤ በስንጥቁም አዲስ ውሃ ይገባል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንጠብቅ። አስቀድሞ ሆዱን በላቫጆ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፤ ፈጽሞ እስኪደርቅ መጠበቅ፤ የተላላጠውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ መፋቅ፤ ጸረ ዝገት ቀለም መቀባትና ሲደርቅ ካትራሜውን ማልበስ ነው። ብሩሽ በማይገባበት በሻንሲው ባዶ ውስጥ ሰም ያለበት ዘይት ይረጫል። ፍሬንና ማርሚታ አይቀቡም፤ ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎችም አይደፈኑም። ከዚያም በየዓመቱ፥ ክረምት ሳይገባ፥ የተላጠውን እየፈለጉ ማደስ ያስፈልጋል።

የተቃጠለ ዘይት መርጨትን ግን አንደግፍም። በርካሽ ስለሚገኝ ይመረጣል፤ ነገር ግን ጎሚኒዎችን ያበላሻል፥ አቧራ ይሰበስባል፥ እየተንጠባጠበም የእርሻ መሬትንና ወንዝን ይመርዛል።

ይህን ሁሉ የምንለው ስለ መኪናው ውበት ተጨንቀን አይደለም። በዝገት የሳሳ የፍሬን ቱቦ ቁልቁለት ላይ ሲፈነዳ የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው። አንድ መኪና የብዙ ቤተሰብ እንጀራ መሆኑንም አንዘንጋ። ዝገት እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ የሚታየውም ወደ ታች ዝቅ ብሎ ለሚመለከት ብቻ ነው።

እኛ በትምህርት ቤት የዝገትን ቀመር በሰሌዳ ላይ ጽፈናል። በመጪው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ከሾፌሮቻችንና ከረዳቶቻቸው ጋር አብረን ከመኪናው ሥር እንግባ። እነርሱ ከልምዳቸው ያስተምሩናል፤ እኛም ስለ ጨው የተማርነውን እንንገራቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ሳይበላም እንጠብ።