ተሳዳጁ አፍቃሪ

ዛሬ ስለ ተሳዳጅ አፍቃሪ እናወራለን። ልብ ወለድ ውስጥ እስረኛ ወይም የሚታደን ሰው ሲፈቀር፣ ልባችን ለምን ይሰቀላል? እስቲ የተጣደ ድስት አስቡ። ክዳኑ ሲገጠም ቶሎ ይንተከተካል፤ እንፋሎቱ መውጫ ያጣልና! ለተሳዳጅ አፍቃሪ ክዳኑ ሕጉ፣ ዘበኛው፣ የአባት ቁጣ ነው።

እንግዲህ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ውሰዱ። የልብ ወለዱ አፍቃሪ በዛብህ ወንጀለኛ አይደለም፤ ጥፋቱ የድሃ ልጅ ሆኖ፣ የሚያስተምራትን የባላባት ልጅ ሰብለ ወንጌልን መውደዱ ነው። አባቷን ፊታውራሪ መሸሻን ፈርቶ ሸሸ። ታዲያ ሰብለ ወንጌል ቁጭ ብላ አለቀሰች? የለም! መነኩሴ መስላ ፍለጋ ወጣች። መቼም ስለ ተሳዳጅ አፍቃሪ ስናወራ እሱን እናስባለን እንጂ፣ ለእኔስ የእሷ መንገድ ይበልጣል።