ሰው የሌለበት ተራራ



አዘጋጆቹ «ስለ ሕክምና ሳይሆን ከሥራ ውጪ ስለምትሠሪው ተናገሪ» ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ፈራሁ። ምክንያቱም እኔ ማታ ማታ የምሠራው ተራራ ነው። በኮምፒውተር ግራፊክስ የሌለ ፕላኔት፣ የሌለ ሸለቆ፣ ሁለት ጨረቃ ያለው ሰማይ እሠራለሁ፤ የሳይንስ ልብ ወለድ መጻሕፍት ሽፋን ላይ የምታዩት ዓይነት። የምጠቀመው ብሌንደር የሚባለውን ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. ወዳጆቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን ለሁሉም ክፍት አስደርገውታል። የዕድር መዋጮ በሉት።

ተራራው በእጅ አይሳልም። አንድ ሦስት ማዕዘን ትወስዱና የጎኖቹን መሃል በዘፈቀደ ከፍ ወይም ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ አራት ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይወጣሉ። በእነሱም ላይ ያንኑ መድገም ነው፣ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። ቦይንግ ይሠራ የነበረው ሎረን ካርፔንተር የማንደልብሮትን የፍራክታል ሐሳብ ይዞ በ1980 በተራሮች መሃል የሚበርር አጭር ፊልም በዚህ መንገድ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለተኛው የስታር ትሬክ ፊልም ላይ አንዲት በድን ፕላኔት ስትለመልም የሚታዩት ተራሮችም የዚሁ ዘዴ ውጤት ናቸው።

ግን ይሄ ብቻውን የሚሰጣችሁ የተጨማደደ ወረቀት ነው። ሹል ነው፣ ሸካራ ነው፣ ተራራ ግን አይደለም። ምን እንደጎደለው የገባኝ የሰሜን ተራሮችን ሳስብ ነው። ከደባርቅ በሊማሊሞ የወረደ ያውቀዋል። ያ ገደል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ንብርብር እየሆነ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ ቀርጾታል። እያንዳንዱ ሸንተረር ውሃው በየት እንደወረደ ይናገራል። በኮምፒውተሩ ተራራ ላይ ግን ዝናብ ዘንቦ አያውቅም! መምህራኖቻችን «በሽተኛውን ከመንካታችሁ በፊት ሂስትሪ ውሰዱ» ይሉን የለ? ያ ተራራ ሂስትሪ የለውም። ስለዚህ የውሃ ጠብታ እንለቅበታለን፣ በብዙ ሺህ። እያንዳንዷ ጠብታ ቁልቁል ስትሮጥ አፈር ትወስዳለች፣ ስትዘገይ ትጥላለች። ቀስ እያለ ሸለቆው ይጎደጉዳል፣ ከሥሩ ደለል ይከመራል፤ ያኔ ዓይን ያምናል።

ሰማዩም እንደዚያው። ደስ ስላለኝ ብቻ ሐምራዊ አልቀባም። ማርስ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ዙሪያዋ ሰማያዊ የሚሆነው በአየሩ ላይ ባለው ደቃቅ አቧራ ምክንያት ነው። እኔም ቀለሙን ከመምረጤ በፊት አየሩ ምን እንደያዘ እወስናለሁ።

አንድ የቀድሞ አለቃዬ ምስሉን ላፕቶፔ ላይ አይቶ፣ «ዶክተር፣ ጊዜ ተርፎሻል ማለት ነው?» ብሎኛል። ሬዚደንቶቹ ደግሞ ጨዋ ስለሆኑ «ለሕክምናው ይጠቅማል?» ነው የሚሉኝ። አይጠቅምም እላለሁ። ስለ ሲቲ ስካን ባለ ሦስት አውታር ምስል አውርቼ ማምለጥ እችል ነበር፤ ግን ለዚያ ብዬ አይደለም። የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ልጅ ካጣንበት ዲዩቲ ስመለስ እንቅልፍ እሺ አይለኝም። ጸሎትም አለ፣ ለቅሶም አለ፤ እጄ ግን የሆነ ነገር መሥራት ይፈልጋል፣ ማንም የማይታመምበት ነገር።

እማዬ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ስታይ ቆየችና፣ «የኔ ልጅ፣ ሰው የለበትም እንዴ?» አለችኝ።

«የለበትም።»

«ከብትስ?»

«ከብትም የለም እማ።»

«እንግዲያው ማን ያየዋል?»

ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ሳይ ስለምውል ሆነ ብዬ ነበር ሰው የማላስገባው። ይሄን ግን ለእሷ ማስረዳት አልሆነልኝም። ደግሞ በሙያውም ቢሆን ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ የሚያውቀው ነገር አጠገቡ ከሌለ፣ ገደሉ 10 ሜትር ይሁን 1,000 ሜትር ዓይን መለየት አይችልም። ለእሷ ብዬ አንዲት ጎጆ ገደሉ አፋፍ ላይ አስቀመጥኩ። የነጥብ ያህል ናት። ገደሉ ወዲያው ገደል ሆነ።

አሁን ደግሞ ጭስ ይውጣበት ብላለች። ጭስ እንደ አለት አይደለም፣ ከባድ ሥራ ነው፤ ሰሞኑን የያዝኩት እሱን ነው።