ጸጥታው ለማን ነው? ወደ ጎርጎራ ስለሄደችው እህታችን

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ያለ ነው። መተማ ዮሐንስ ውስጥ “ከዚህ ሙቀትና ግርግር ወጥተን ልጆቹን ጸጥ ወዳለ ቦታ እንውሰድ” ያልተባለበት የወጣት ቤት ጥቂት ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እግር አባላችን ይህንኑ ይዛ መጣች። ስሟ እንዳይጠራ ስለጠየቀችን እህታችን ብቻ እንላታለን።

እህታችን የሁለት ልጆች እናት ናት። የጭነት መኪና በሚቆምበት መንገድ ዳር ሻይ ቡና ትሸጥ ነበር። ባለቤቷ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ እርሻ ወርዶ ካላዛር ያዘው፤ 17 ቀን በየቀኑ መርፌ ተወግቶ እግዚአብሔር አተረፈው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀ ዋልካ መሬትና በግራር ሥር እንደምትኖር፣ ሲመሽ ወጥታ እንደምትናከስ፣ ከደጋ የመጣውን ሰው ይበልጥ እንደምትጎዳ እናውቃለን። በዚያ ላይ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በገላባት በኩል ብዙ ሕዝብ ተሻገረ። መከራቸውን አይተን ያለንን ተካፍለናል፤ የእህታችን የቤት ኪራይ ግን ከአቅሟ በላይ ሆነ።

የባለቤቷ አጎት ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ቤት ነበራቸው። “ኑ፣ እዚህ ነፋሻ ነው፣ ልጆቹም ይተኛሉ” አሏቸው። እሷም ቁጠባዋን ለመውሰድ ማኅበሩ ዘንድ መጣች።

እኛ ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን “ጤና ይቀድማል፣ ትሂድ” አልን። አንዲት እናታችን ግን፦ “ልጄ፣ እሱስ ነፋስ ያገኛል። አንቺ ለማን ቡና ልታፈዪ ነው?” ብለው ጠየቋት። እህታችን መልስ አልነበራትም፤ እኛም አልነበረንም። ስለዚህ ሁለት አባላት ከእሷ ጋር ሄደው እንዲያዩ ወሰንን። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን በአዘዞና በቆላድባ በኩል ወረድን።

ጎርጎራ በእርግጥ ደስ ትላለች። መተማ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጣና ግን ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። ሌሊት ጋቢ ለበስን። ጠዋት ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ይወጣሉ። ሰው አይቸኩልም፤ ሰላምታውም ረጅም ነው። ልጆቹ መኪና ሳይፈሩ ሲሮጡ አየን፤ እህታችን እነሱን እያየች ዝም አለች።

ሁለተኛውን ቀን ግን ለጥያቄያችን አዋልነው። ጤና ጠየቅን፦ ወባ እዚያም አለ፤ ደንቢያ ከጥንት የወባ አገር ነው። ልጆች ሐይቁ ውስጥ ሲዋኙ ብልሃርዚያ ይይዛቸዋል። ካላዛርም ቢሆን ቆላ ብቻ ነው አይባልም፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ከጣና በስተምሥራቅ ሊቦ ከምከም ላይ ብዙ ሰው ጨርሷል። ሥራ ጠየቅን፦ ሪዞርቱን የሚያይ እንግዳ አንዳንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንዳንድ ጊዜ ይቀራል። ከገበያ ቀን ውጭ ቡና የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ ሁሉም በቤቱ ያፈላል። እምቦጭ ወደ ዳር ሲገፋ መረብ ለመጣል እንኳ ይቸግራል። ቤቱንም ጠየቅን፦ አጎትየው ደግ ሰው ናቸው፤ ቤቱ ግን የእሳቸው ነው። ነገ ቅሬታ ቢመጣ እህታችን ሁለት ልጆች ይዛ ወዴት ትሄዳለች?

ያን ጊዜ የእናታችን ጥያቄ ገባን። ባል ከእርሻና ከበሽታ ያርፋል፤ ልጆች ይተኛሉ። የጸጥታውን ዋጋ የምትከፍለው ግን በግርግሩ የምትነግደው ሴት ናት። ደንበኛዋን፣ ዕቁቧን፣ “ልጄን ያዢልኝ” የምትላትን ጎረቤት አጥታ የባሏን እጅ የምታይ ከሆነ ያ ለእሷ ዕረፍት አይደለም።

አትሂጂ አላልናትም። አካሄዱን አብረን አሰብን። አንደኛ፣ የወባው ወቅት ካለፈና የመጀመሪያው የትምህርት መንፈቅ ካለቀ በኋላ በየካቲት ትሂድ። ሁለተኛ፣ ለአጎትየው አነስተኛ ኪራይ ትክፈል፤ ውሉም በእሷና በባሏ ስም ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ከቁጠባዋ ግማሹን ትውሰድ፣ ግማሹ እዚህ ይቆይ፤ አባልነቷም ለአንድ ዓመት አይሰረዝ። አራተኛ፣ ገበያዋ ይከተላት። ደንቢያ ሽምብራና ጥቁር አዝሙድ ያበቅላል፤ እኛ ለሽሯችንና ለበርበሯችን ከነጋዴ በውድ እንገዛለን። እሷ ከገበሬው ትግዛ፣ እኛ እንቀበላት።

አሁን ስምንት ወር ሆኗት። ያለውን ሳንሸሽግ እንንገራችሁ። የምታገኘው መተማ ሳለች ታገኝ ከነበረው ግማሽ አይሞላም። በክረምቱ መንገድ ተዘግቶ አንድ ጭነት ሽምብራ ሳምንታት ቆይቶብናል። ትንሹ ልጅ አንዴ ወባ ይዞት ነበር፤ አሁን አጎበር ሳይዘረጋ አይተኙም። ባለቤቷ ጀልባ ላይ ተቀጥሯል፤ ፊቱም ተመልሷል። ባለፈው በስልክ “ትመለሺያለሽ ወይ?” ብንላት፦ “ዓመቱ ይሙላ። መመለሻ እንዳለኝ ማወቄ ነው ያስቀመጠኝ” አለችን።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እስከ ዛሬ በደንባችን ከተማውን የለቀቀች አባል ቁጠባዋን ተቀብላ ትሰናበታለች። ይህ ይቀየር። ለቤተሰቧ ስትል የምትሄድ አባል ለአንድ ዓመት አባል ሆና ትቆይ፤ በሄደችበት ለምትጀምረው ሥራም ከተዘዋዋሪው ገንዘብ ብድር ይፈቀድላት። ከመሄዷ በፊትም ሁለት ሴቶች አብረዋት ሄደው ቦታውን ይዩ። ረጂ ወገኖቻችንም ለተዘዋዋሪው ገንዘብ የምትሰጡት እዚህ ላይ እንደሚውል እወቁልን።

ወጣት እህቶቻችን፣ ለመሄድ ስታስቡ ቀድማችሁ ንገሩን። ነፋሱን ባላችሁ ይጠይቅ፤ ገበያውን፣ ውሉንና ጤና ጣቢያውን እኛ አብረናችሁ እንጠይቃለን።