ወደ አፋችን ስለሚገባው ብረት
(ለእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



እድራችን የቆመው ለቀብርና ለለቅሶ ቢሆንም፣ በቁማችን ስለ ጤንነታችን መነጋገሩም አንዱ መረዳዳት ነው። ስለዚህ ዛሬ ጥርስ ስለሚሞላባቸውና ስለሚለበስባቸው ብረቶች ጥቂት ልበላችሁ።

ጥርስ ስናስለብስ የምንጠይቀው «ስንት ነው?» ብለን ነው። «ብረቱ ምንድን ነው?» የሚል ግን ጥቂት ነው። ቢጫ የሆነ ሁሉ እኮ ወርቅ አይደለም። ንጹሕ ወርቅም ቢሆን ለስላሳ ስለሆነ የማኘክን ጫና አይችልም፤ ከመዳብ፣ ከብር፣ ከፕላቲኒየም ወይም ከፓላዲየም ጋር ይቀየጣል። በዋጋ ዝቅ የሚሉት ደግሞ ከኒኬልና ከክሮምየም፣ ወይም ከኮባልትና ከክሮምየም የሚሠሩት ናቸው።

ምራቅ ጨው ያለበት ውሃ ነው፤ በውስጡ ያለ ብረት ቀን ከሌት በጥቂት በጥቂቱ ይሟሟል። ክሮምየም በብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ስለሚሠራ መሟሟቱን ይገታል፣ ጨርሶ ግን አያቆመውም። የሚወጣው ኒኬል አብዛኛውን ሰው አይጎዳም። አለርጂ ያለበት ሰው ግን ድዱ ሊቀላ፣ አፉ ሊቆስል፣ ቆዳው ሊያሳክክ ይችላል። ይህ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ጆሮ ተበስቶ ኒኬል ያለበት ጉትቻ ስለሚደረግ ነው። እንግዲህ እኅቶቼ፣ ጉትቻ የሚያሳክካችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

በአንዳንድ የኒኬል ቅይጥ ውስጥ ቤሪሊየም ሲጨመር ኖሯል። ጉዳቱ የሚብሰው በሠራተኛው ላይ ነው፤ ሲሞርደው የሚነሣው ብናኝ ሳንባን ያበላሻል። ስለዚህ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መስፈርት ቤሪሊየምና ካድሚየም እያንዳንዳቸው ከ0.02 በመቶ እንዳይበልጡ፣ ኒኬልም ከ0.1 በመቶ በላይ ከሆነ እንዲገለጽ ያዛል።

ግራጫው የጥርስ መሙያ አማልጋም ይባላል፤ ግማሽ ያህሉ ባዚቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ ነው። የአውሮፓ ኅብረት፣ ለታካሚው የግድ ካላስፈለገ በቀር፣ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሎታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2020 እ.ኤ.አ. ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶች፣ ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ኩላሊታቸው ለታመመ ሰዎች ሌላ መሙያ እንዲመረጥ መክሯል። ታዲያ ደኅና የተቀመጠውን አስወጡት አላለም። ሲቦረቦር የባዚቃው ትነት ይነሣል፣ ጤነኛውም ጥርስ ይቀነሳል። ሳያምም ማስወጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፦ ጥርስ ከማስለበሳችሁ በፊት የብረቱን ስም ጠይቁ፤ ኒኬል እንዳለበት አረጋግጡ፤ ስሙን በወረቀት አስጽፋችሁ ከሕክምና ካርዳችሁ ጋር አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ድዳችሁ ቢታመም፣ ሐኪሙ መነሻውን የሚያገኘው ከዚያች ወረቀት ነው። ጠይቆ መረዳት ነውር የለውም።