ዘጠኙ ዜሮዎች
(በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ የተመረቀው ግድብ አንድ ቁጥር አስለምዶናል፦ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና ለጊዜው ውሃውን ትቼ ቁጥሩን ልያዝ።

74,000,000,000 ሲበተን አሥር ሁለቶች፣ ዘጠኝ አምስቶችና አንድ 37 ይወጡታል። 37 ፕራይም ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይበተንም። አካፋዮቹ ስንት ናቸው? ሁለትን ከዜሮ እስከ አሥር ጊዜ መውሰድ ይቻላል፤ ይህ 11 ምርጫ ነው። ለአምስት 10፣ ለ37 ደግሞ 2 ምርጫ አለን። ሲባዙ 220! ለጋስ ቁጥር ነው። (በግእዝ አኃዝ ፯፻፵፼፼ ተብሎ ይጻፋል፤ አንድም ዜሮ የለበትም። አካፋዮቹ ግን ያው 220 ናቸው።)

አሁን አንድ ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም አምስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ጨምሩበት። 74,000,000,001 ሆነ። ቅድም እንቢ ያለው ሦስት አሁን ያካፍለዋል። ከ220ዎቹ ግን ከ1 በቀር አንዳቸውም አያካፍሉትም፤ ተከታታይ ሙሉ ቁጥሮች ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ የላቸውማ።

ታዲያ ሐይቁ በአምስት በርሜል ጠባዩን ለወጠ እንበል? ሐይቁ ሲሞላ ስፋቱ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በላዩ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ቢጨመር 1,874,000 ሜትር ኪዩብ ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ የመጨረሻዎቹ ስድስት ዜሮዎች ተለክተው አልመጡም፤ ቦታ የያዙ ናቸው። ከአንድ ሁለት በቀር ያ ሁሉ ሁለትና አምስት የመጣው ደግሞ ከዘጠኙ ዜሮዎች ነው። ልግስናው የዓባይ ሳይሆን በአሥር የማጠጋጋት ልማዳችን ነው።

ይህን የማነሳው ብዙዎቻችሁ በአሶሳ፣ በካማሺና በመተከል ስለምታስተምሩ ነው። ተማሪ «በትን» ሲባል ይበትናል፣ ነጥቡንም ያገኛል። «ይህ ቁጥር ተቆጥሮ ነው የመጣው ወይስ ተለክቶ?» ብለን ግን አንጠይቀውም። ያ ልጅ ነገ በድርቅ ዓመት ስንት ውሃ ይለቀቅ ተብሎ ለድርድር ሊቀመጥ ይችላል። 74 የተባለው 73.6ም 74.4ም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ሲጠጋጉ 74 ናቸዋ። በመካከላቸው ያለው 800 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ለ120 ሚሊዮን ሰው ቢካፈል፣ ለእያንዳንዱ በቀን 18 ሊትር ይደርሰዋል፤ ዓመቱን ሙሉ! አንድ ጀሪካን ሊሞላ ምንም አልቀረው። ይህን ሁሉ የዋጠች አንዲት ማጠጋጋት ናት።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ነው። ፈተና ስታወጡ «በትን» ከሚለው ቀጥሎ ይቺን ጥያቄ ጨምሩልኝ፤ አምስት ነጥብም ስጧት። ልጆቹ የመለሱትን ብትልኩልኝ ደግሞ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።