ሂውሚዲፋየሩ ታጥቧል?

እሷ፦ ሚኒሶታ ውስጥ ሂተር ከተከፈተ ወዲህ ጉሮሮው ያልደረቀ ሰው የለም። ብዙ ቤት አየር የሚያረጥበው ማሽን፣ ሂውሚዲፋየር፣ ገብቷል፤ የሚያጥበው ግን ጥቂት ነው።

እሱ፦ በንዝረት ጉም የሚያወጣው ዓይነት ውሃው ውስጥ ያለውን ሁሉ አየር ላይ ይበትነዋል። ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው ነጭ ብናኝ ከቧንቧ ውሃ የመጣ ማዕድን ነው።

እሷ፦ ለዚያስ ማዕድኑ የወጣለት ዲስቲልድ ውሃ አለ። ጉሙ ሲያንስስ?

እሱ፦ ማሽኑን ከመጣልሽ በፊት ሶኬቱን ንቀይና ከሥር ያለችውን ክብ ዲስክ ተመልከቺ፤ ቅርፊት ይዛ ይሆናል። ነጭ ኮምጣጤ አፍስሰሽ ግማሽ ሰዓት አቆዪው፣ በለስላሳ ብሩሽ ፈግፍጊያት፣ ከዚያ ደጋግመሽ አለቅልቂ። ቢላ እንዳይነካት!

እሷ፦ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ውሃው በየቀኑ ይደፋ፣ ማሽኑም በየ3 ቀኑ ይጽዳ ይላል። የቤቱ አየር እርጥበት ከ50 በመቶ አይለፍ፤ መስኮቱ ካላበው በዝቷል ማለት ነው።

እሱ፦ አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጀርም ይገድላል ብላችሁ ውሃው ውስጥ ኬሚካል አትጨምሩ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ለዚሁ ማሽን ተብሎ የተሸጠ ፀረ ጀርም ሳንባ እያቆሰለ ሕፃናትንና እናቶችን ገድሏል። የጉዳቱ መንስኤ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

እሷ፦ ያውም በየሱቁ በግልጽ ሲሸጥ ኖሮ!

እሱ፦ አዎ፣ ለዓመታት።